በሩ የተዘጋባቸው አራት ሺህ ሰዎች

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ብዋሽ ምላሴን ጉንዳን ይብላው፤ ብጨምርበት የሱቄ ቆርቆሮ ራሴ ላይ ይውረድ። አስቀድሜ የምምለው ወድጄ አይደለም። ነቀምቴ ውስጥ «ወርቂቱ ክር ሻጯ» ሲባል የሚያውቀኝ ሁሉ፣ «እሷ ደግሞ መቼ እውነት ተናግራ ታውቃለች!» ይላል። ከሰባተኛ ክፍል ትምህርት ሳቋርጥ ዳይሬክተሩ ካርዴ ላይ «ጭንቅላቷ ጥሩ ነበር፤ አፏ አላስቀምጥ አላት እንጂ» ብለው ጽፈውልኛል። ካርዱ እስካሁን አለኝ፤ ለደንበኛ አሳያለሁ።

ይኼኛው ግን እውነት ነው።

ጊዜው ሚያዝያ 1981 ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምኖረው ከአባቴ እህት ከድርቤ ጋር ነው። እኛ ዘንድ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ ዛሬም አዳዳ ድርቤ ነው የምላት። አዳዳ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር በነበረ አንድ የቡና ችግኝ ጽሕፈት ቤት የታይፕ ሠራተኛ ነበረች። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ሄዳ የሦስት ሳምንት ኮርስ ወሰደችና ኮምፒዩተር ይዛ ተመለሰች። በከተማው ሌላ ይኑር አይኑር አላውቅም። ለሰፈር ልጆች ግን በዓለም ላይ ያለው እሱ አንዱ ብቻ ነው እያልኩ ነበር የማወራው።

ኮምፒዩተሩ የራሱ ክፍል ተሰጠው። ሲገባ ጫማ ይወለቃል። መስኮቱ ቢጫ መጋረጃ አለው። ማሽኑም አዳዳ በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ይለብሳል፣ ሰው ቤት ሬዲዮ እንደሚለብሰው። ጠዋት ጠዋት ዳንቴሉን በሁለት ጣቷ አንስታ፣ አጥፋ፣ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ከዚያ ማብሪያውን ትጫናለች። ማሽኑ ያጉረመርማል፤ አረንጓዴ ፊደል ይወጣል።

«አዳዳ፣ እዚህ ውስጥ ምን አለ?» አልኳት በመጀመሪያው ሳምንት።

«አራት ሺህ ገበሬ አለ። ዝናቡ ሲገባ ችግኝ የሚወስዱት ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። እጅሽን እንዳታሳርፊ!»

ስም ዝርዝራቸው ማለቷ ነበር። እኔ ግን ሰዎቹን አየኋቸው። ምስር ምስር አክለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ በጨለማ ውስጥ ዝናብ ይጠብቃሉ። ያን የሚያህል ሕዝብ ምን እንደሚበላ አሳሰበኝ። ስላሳሰበኝም ለሰፈር ልጆች አወራሁ፤ ስላወራሁም ለማየት ፈለጉ፤ በመስኮቱ ጥግ አንድ ጊዜ ለማየት አንድ ማንጎ አስከፈልኳቸው። በዚያ ሚያዝያ የበላሁት ማንጎ ዛሬም ጥርሴ መሐል አለ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው ግቢ ማንጎ ዛፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ዘበኛው መርጋ በሩ ላይ ብስክሌቱን ይወለውላል። ሌላ ሰው የለም። የኮምፒዩተሩ ክፍል መጋረጃ ተዘግቷል፤ ግን ጣት በምታህል ክፍተት ከውስጥ ብርሃን ይርገበገባል። አንገቴን አስግጌ አየሁ። አቶ መሸሻ ናቸው።

አቶ መሸሻ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። የሸዋ ሰው ናቸው፤ ሲቀመጡ እንኳ ሱፋቸው የማይጨማደድ፣ ሲስቁ ታይተው የማያውቁ። ከአዲስ አበባ ስብሰባ የተመለሱት በዋዜማው ነው። አሁን ኮታቸውን አውልቀው፣ በካልሲያቸው፣ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደርሶ፣ ሁለት እጃቸውን ከፊታቸው ሰብስበው፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይወዛወዛሉ። ላብ አጥምቋቸዋል።

«ጌታዬ! ጌታዬ! ማረኝ! ኧረ አድነኝ!» ይላሉ። ከዚያ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ድፍት አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው «እንደገና» አሉና ጀመሩ።

ወዲያው ገባኝ። እየጸለዩ ነው።

በዚያ ዘመን ነቀምቴ ያልኖረ ሰው ይስቅብኛል። የእኛ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት በመንግሥት ታሽጎ ነበር። ጸሎት የሚደረገው በየቤቱ፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ መዝሙሩም በሹክሹክታ ነው። ደጅ ላይ አንድ ልጅ ገመድ ይዘላል። የእኛ ቤት ገመድ ዘላይ እኔ ነበርኩ፤ የማላውቀው ሰው ሲመጣ ጮክ ብዬ መቁጠር እጀምራለሁ፤ ቤት ውስጥ ያሉት ያን ሲሰሙ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ይጀምራሉ። ሁሉን ነገር አጋንኜ የማወራ ልጅ አንድ ነገር ብቻ አላወራም ነበር፤ መጋረጃ ተዘግቶ የሚጸልይ ሰው አይቻለሁ አልልም። አዳዳ ይህን ያስተማረችኝ ጆሮዬን ይዛ ነው።

ስለዚህ ከዛፉ ወረድኩና መስኮቱ ሥር ገመድ መዝለል ጀመርኩ። እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን የበደሉት ሁሉ ያን ቀን ይቅር የተባለላቸው ነው የመሰለኝ፤ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው።

ሲወጡ ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ደነገጡ።

«ምን አየሽ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አላየሁም።» ቀረብ ብዬ በሹክሹክታ «ጌታ ይስማዎት» አልኳቸው።

በዱላ የተመቱ ያህል ቆመው አዩኝ። ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው አንድ ከረሜላ ሰጡኝና ጫማቸውን ሳያስሩ ሄዱ።

ሰኞ ዕለት ደግሞ የእኔ ኃጢአት ተራ ደረሰ። ዋጋሪ የሚባል የጎረቤት ልጅ፣ «በመስኮት ማየት ምን ዋጋ አለው፤ አንድ ነገር አውጥተሽ ካላሳየሽን ውሸታም ነሽ» አለኝ። ውሸታም መባሉን ለምጄዋለሁ። በውሸት ውሸታም መባል ግን አይዋጥም። አዳዳ ለምሳ ስትወጣ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ካገኘሁት ወረቀት ከረጢት ውስጥ አንድ ዲስኬት አወጣሁ። ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ እንደ ጎመን ቅጠል የሚወዛወዝ፣ መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ነው። ማሽኑን የሚያስነሳው ዋናው ዲስኬት እሱ ነበር፤ አዳዳ በዚያ ጧት ከንብረት ክፍል በፊርማ ነው ያወጣችው።

አጥሩ ሥር ልጆቹ ከበቡኝ። «ገበሬዎቹ ሲደክማቸው የሚተኙበት ጅባ ነው» ብዬ አስረዳሁ።

ዋጋሪ አገላብጦ አየው። «ታዲያ ይሄ ምን ነክሶት ነው?»

አየሁ። ጠርዙ ላይ የትንሽ ጥርስ ያህል ቁራጭ ጎድሏል። አጥሩን ስዘል ሰበርኩት!

አሁን ሳውቀው ያ ጉድለት ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ሁሉም ዲስኬት ላይ አለ። ያን ቀን ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም። ሮጬ የመርጋን ብስክሌት ፈለግሁ። እጀታው ላይ ጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀድጄ የጎደለችው ጠርዝ ላይ ለጠፍኩ፤ በጥርሴም በጥፍሬም አለሰለስኩት። ከእኔ በስተቀር ማንም የማያውቀው ሆነ። ዲስኬቱን ወደ ከረጢቱ መለስኩት።

ማክሰኞ አዳዳ አዳዲስ ዲስኬቶች ለማዘጋጀት ዋናውን ማሽኑ ውስጥ ስትከት ወንበሯ ጀርባ ቆሜያለሁ። ዋናውን አውጥታ ሌላ ከተተች፤ እሱንም አውጥታ ሌላ። አምስት ሞላች። ድንገት ከፊደሎቹ መሐል አንዲት ነጭ ነጥብ ብድግ አለች። ወደ ላይ ሄዳ ጣራውን ነካችና ተመለሰች፤ ወደ ጎን ሄዳ ግድግዳውን ነካችና ተመለሰች። እንደገና ወደ ላይ። እንደገና ወደ ጎን።

አዳዳ ዓይኗን አሸች። «ደክሞኛል መሰለኝ» አለች።

እኔ ግን ነጥቧን አወቅኋት። ሰው ናት! ናስትሮ የለጠፍኩባት ቀዳዳ በር ነበረች፤ አየር የሚገባባት። ዘግቼባቸዋለሁ፤ አራት ሺህ ሰው ታፍኗል። አንዱ መውጫ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ ይሮጣል።

«በዚያ በኩል!» አልኩ ሳላስበው። «አባ፣ በዚያ በኩል!»

«ማንን ነው?» አለች አዳዳ።

«ዝንብ ነው።»

ማታ ዲስኬቱን ከአዳዳ ቦርሳ አውጥቼ በሩን ልከፍትላቸው አስቤ ነበር። ግን አዳዳ ሥራ አጥባቂ ናት፤ ሳትወጣ ለንብረት ክፍል አስረክባዋለች።

ረቡዕ ጧት ዳንቴሉ ተነሣ፣ ማብሪያው ተጫነ፣ ማሽኑ አጉረመረመ፤ ከዚያ ጸጥ። ጥቁር መስታወት፤ ጥጉ ላይ አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። አዳዳ አጠፋች፣ አበራች። አጠፋች፣ አበራች። «ማሎ፣ ማሎ» ትላለች፣ ግትር በሬ እንደሚለመን። ማሽኑ አልነሣ አለ።

እኔ ግን ምክንያቱን አውቄያለሁ። አልቀዋል።

ነገሩ የሚያስፈራ የሆነው ከቀትር በኋላ ነው። ችግኙን ከፓርቲው በኩል የሚከታተሉ ጓድ ገብረመስቀል የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ካኪ ለባሽ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከኪሳቸው የማይለይ። መጥተው ማሽኑን ልክ እንደ ሰካራም ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ማሽኑ አልመለሰላቸውም።

«ችግኙ በመደብ ላይ እየረዘመ ነው» አሉ። «መኪናዎቹ ሰኞ ይመጣሉ። ዝርዝሩ አርብ ስምንት ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ካልተገኘ፣ ጓዲት ድርቤ፣ ይህ ብልሽት አይባልም። አሻጥር ነው።»

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ይዞ ይሄድ ነበር። ከኛ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ባለቤት አንድ ቀን ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ በሁለተኛው ዓመት ነው የተመለሰው። አዳዳ ዳንቴሉን አንሥታ ማሽኑን አለበሰችው።

«ማክሰኞ ደህና ነበር?» አሉ ጓድ ገብረመስቀል።

«ደህና ነበር ጓድ።»

«ከዚያ በፊት? ቅዳሜ እዚህ ክፍል የገባ አለ?»

መርጋ ተጠራ። የአለቃውን መግባት ሳያነሣ፣ በሩን ለአንድ ደቂቃ እንኳ እንዳልለቀቀ፣ ግቢ ውስጥ የነበረችው ይቺ ቀበጥ ብቻ እንደሆነች ተናገረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከጓድ ገብረመስቀል ጀርባ አቶ መሸሻ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ በመሐረብ ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። ሰው በእምነቱ ሊታሰር ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

«አንቺ፣ ቅዳሜ እዚህ ማን ገባ?»

«ጉሬዛ» አልኩ።

«ምን?»

«ጉሬዛ ነው የገባው። በማንጎው በኩል መጥቶ፣ በመስኮት ገብቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ነጭ ካባውን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጥሎ፣ በሁለት እጁ ቁልፎቹን ነካካና ወጣ። ጫማ ግን አላደረገም።»

መርጋ ሳቁን ለመያዝ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጓድ ገብረመስቀል በቀይ እስክሪብቷቸው በሩን አመለከቱ። «ልጅቷን ውሰዷት» አሉ። የቀረው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ይጠራ፤ እሱ እስኪመጣ ንብረት ክፍል ያለው ሁሉ በሰም ይታሸግ።

ሰሙ ከመፍሰሱ በፊት ወደ ንብረት ክፍል በረርኩ። የንብረት ክፍሉ ጋሼ ወልደገብርኤል የጉራጌ ሰው ነው፤ ሚስማር ቆጥሮ የሚያድር።

«ጋሼ፣ ያችን ዲስኬት ለአንዲት ደቂቃ ብቻ!»

«የወጪ ሞዴል አለሽ?»

«የለኝም።»

«ኃላፊው ፈርመዋል?»

«ጋሼ፣ ሰው እየሞተ ነው!»

«ልጄ፣ እኔ ስሙን የያዝኩት መልአክ ራሱ ወርዶ ቢጠይቀኝ ያለ ፊርማ ሚስማር አልሰጥም» አለና ሰሙን ጠብ አደረገ። ማኅተሙን ጫን። አበቃ። አራት ሺህ ሰው እንደ ታፈነ አደረ።

ባለሙያው ሐሙስ ከቀትር በኋላ በአውቶቡስ ደረሰ። ጉሉማ ይባላል፤ እዚሁ ወለጋ የቢላ ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ የኖረ። አቧራ በአቧራ ሆኗል። «አካም» ብሎ አዳዳን ጨበጣት፤ «አይዞሽ፣ የከፋ አይቻለሁ» አላት። ለሁለት ቀን ያልቀመሰችውን እንጀራ የቀመሰች ያህል ፊቷ ተመለሰ።

ግን ሻንጣውን ሲከፍት «ዋይ!» አለ። የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣውን ጣራው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ከጨው ጆንያ ሥር አስቀምጦታል። ይዟቸው የመጣው ዲስኬቶች ፀሐይ እንደ መታው ቁርበት ተጣመዋል።

«እዚህ ያሉትን አምጡልኝ።»

አዳዳ ማክሰኞ ያዘጋጀቻቸውን አምስቱን ተራ በተራ ከተተ። በአንዱ ማሽኑ ጸጥ ይላል። በሌላው ነጥቧ ብድግ ትልና ግድግዳ ለግድግዳ መሮጥ ትጀምራለች። እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኛለሁ፤ ያ ሰውዬ እስካሁን አለ!

«ቫይረስ ነው» አለ ጉሉማ።

ጋሼ ወልደገብርኤል መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ሸፈነ። «የሚተላለፍ ነው?»

«ከዲስኬት ወደ ዲስኬት ብቻ ነው ጋሼ። ማሽኑ የሚነሣበትን ቦታ ይይዝና ያበላሸዋል። ጤነኛ ዲስኬት ብትከትበትም ወዲያው ራሱን ይገለብጥበታል። እነዚህ አምስቱ ተይዘዋል።» መሐረቡ ግን አልወረደም።

«ከየት መጣ?» አሉ ጓድ ገብረመስቀል።

«ከሌላ ዲስኬት። ብዙ ጊዜ ሰው ከሚያመጣው የጨዋታ ዲስኬት ነው።»

አቶ መሸሻ ሳል ያዛቸው። ረጅም፣ ደረቅ ሳል። ቫይረሱ ያዛቸው ብዬ አንድ እርምጃ ራቅሁ።

ጓድ ገብረመስቀል እስክሪብቶውን አወጡ። «ማሽኑን የምትነካው አንድ ሰው ናት» አሉና የአዳዳን ስም መጻፍ ጀመሩ። ቀዩ ቀለም ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል።

«ቆይ፣ ጓድ» አሉ አቶ መሸሻ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። «የክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ። የእሷን ስም ይሰርዙት።»

እኔ እንባዬ መጣ። የሚጸልይ ሰው እንዲህ ነው አልኩ በልቤ።

ጉሉማ ከመሐላቸው ገባ። «ማንንም ከመጻፍዎ በፊት ጓድ፣ ከማሽኑ ጋር የመጣው ዋናው ዲስኬት የት አለ?»

«ታሽጓል» አለ ጋሼ ወልደገብርኤል በመሐረቡ ውስጥ።

«ማክሰኞ ግን ከትቼዋለሁ» አለች አዳዳ ቀስ ብላ። «ነጥቧ በታየችበት ቀን።»

ጉሉማ ከንፈሩን ነከሰ። «እንግዲያማ እሱም ተይዟል ማለት ነው። እስቲ ይምጣ።»

ሰሙ ተሰበረ። ዲስኬቱ መጣ፤ ጋሼ በሁለት እጁ፣ እንደ ጥምቀት ታቦት፣ ከሞዴል ጋር። ጉሉማ ፈረመ። እኔ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«በሩን ክፈቱላቸው!» ብዬ ዘልዬ ዲስኬቱን ያዝኩ። የናስትሮውን ጫፍ በጥፍሬ ቆንጥጬ ልልጥ ስል ጓድ ገብረመስቀል ጆሮዬን ይዘው ወደ ላይ አነሡኝ። መሬት ለቀቅሁ። ጥፍሬም ናስትሮውን ለቀቀ።

ጉሉማ ዲስኬቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይቺን ማን ነው የለጠፋት?»

እኔ አየር ላይ ነኝ።

«ማን ነው? ይቺ ጠርዝ ስትሸፈን ማሽኑ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ቫይረሱም ሊጽፍባት አይችልም! እጁ ይባረክ፣ ማን ነው?»

ጋሼ ወልደገብርኤል መሐረቡን ዝቅ አደረገ። ግራና ቀኝ አየ። «የንብረት አያያዝ ነው» አለ። «ልማዴ ነው።»

ዲስኬቱ ገባ። ማብሪያው ተጫነ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ አረንጓዴ ፊደል ወጣ። አዳዳ እልል አለች፤ ጽሕፈት ቤት መሆኑን ረስታ። ጉሉማ ቁልፎቹን ሦስት አራት ጊዜ መታ መታ አደረገና ጤነኛውን መነሻ ከዲስኬቷ ወደ ማሽኑ ገለበጠው። አጠፋው። ዲስኬቷን አወጣ። «አሁን በራሱ ይነሣ» አለ። በራሱ ተነሣ። ዝርዝሩ አንድ ሰው እንኳ ሳይጎድል በቦታው አለ።

አርብ ጧት ማተሚያው ሲጮህ ውሎ ወረቀቱ ክፍሉን ሞላው፤ በኮሪደሩ ወጥቶ በረንዳው ላይ ደረሰ፤ እኔና መርጋ እንደ ረጅም ነጠላ ጫፍና ጫፉን ይዘን እናጥፈዋለን። ስምንት ሰዓት ከመሆኑ በፊት ጓድ ገብረመስቀል ጠረጴዛ ላይ ነበር። የአዳዳ ስም የተጻፈበትን ወረቀት እዚያው ፊቷ ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። በዓመቱ መጨረሻ ጋሼ ወልደገብርኤል ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ የምስክር ወረቀትና የእጅ ሰዓት ተሸለመ። «ጥንቃቄ ለተሞላበት የንብረት አያያዝ» ይላል ወረቀቱ። እኔ ካረፈብኝ ጥፊ ሌላ የደረሰኝ የለም፤ ጥፊውም የመርጋን ናስትሮ በመቅደዴ ነው።

ሰኞ ገበሬዎቹ መጡ። በጭነት መኪና ተጭነው፣ ከንጋት ጀምሮ ተጣበው ነው የመጡት። እየወረዱ ወገባቸውን ይይዛሉ፣ እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ፀሐዩ ዓይናቸውን ይወጋቸዋል። አዳዳ በረንዳው ላይ ቆማ ከዚያው ወረቀት ላይ ስም ትጠራለች፤ አንድ ስም ስትጠራ አንድ ሰው ብቅ ይላል። አጥሩ ላይ ተቀምጬ አየሁ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። ከሞት ተርፈው ወጡ! ታፍነው ስለሰነበቱ ነው የሚንጠራሩት!

አንድ ጎፈሬያቸው የነጣ ሽማግሌ ችግኛቸውን ታቅፈው ሲያልፉ ወርጄ ጋቢያቸውን ያዝኩ። ያ ሲሮጥ የነበረው እሳቸው መስለውኝ ነበር።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

የግቢውን በር አዩ፤ እኔን አዩ። «ምንም አይደል ልጄ» አሉ በኦሮምኛ፣ ራሴን ዳብሰው። «ተከፍቷል እኮ።»

አዳዳ አሁን ሰባ ሊሞላት ነው። ባለፈው ዓመት ጎኗ ተቀምጬ ይህንኑ ስናወራ፣ አቶ መሸሻ እንዴት ያለ የጸሎት ሰው እንደ ነበሩ አነሣሁባት። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር «ጌታ ይስማዎት» እላቸው ነበር፤ እሳቸውም በእያንዳንዱ ጊዜ ደንግጠው ከረሜላ ይሰጡኛል። እስኪዛወሩ ድረስ ሁለት ዓመት በላሁ።

አዳዳ ሻይዋን አስቀመጠች። «የምን ጸሎት?»

ያየሁትን ነገርኳት። ግራ ሲወዛወዙ፣ ቀኝ ሲወዛወዙ፣ ማረኝ ሲሉ። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

«መኪና ሲነዱ ነው!» አለች ትንፋሽ ስታገኝ። «ከአዲስ አበባ ያመጡት የመኪና ጨዋታ ነው። ሰኞ ጧት ማሽኑ ውስጥ ረስተውት አገኘሁና በቦርሳዬ ደበቅሁት። ጉሉማ የጨዋታ ዲስኬት ሲል ነው የገባኝ።»

«አንቺ ልትታሰሪ ደርሰሽ ዝም አልሽ?»

«ለኮርሱ ወንድ ይላክ ሲሉ እሷ ትሂድ ያሉት እሳቸው ናቸው። ደግሞስ ለመናገር መቼ ጊዜ ሰጡኝ? ራሳቸው ተናገሩ እኮ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው ሲሉ ያልሰማ ማን አለ?»

እስኪመሽብን ሳቅን። የጨዋታውን ዲስኬት ዛሬም ሳጥኗ ውስጥ አላት፤ የምታጫውትበት ማሽን ብቻ ነው የጠፋው።

በሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው ብዬ ምያለሁና ጉንዳኑ ምላሴ ላይ ሳይደርስ አንዲት ነገር ላርም። ጉሬዛ አላልኩም። ጓድ ገብረመስቀል ማን ገባ ሲሉኝ ምንም አልመለስኩም፤ የአዳዳን ቀሚስ በሁለት እጄ ይዤ፣ አፌን ገጥሜ፣ እግሬ ሥር እስኪረጥብ ድረስ ቆምኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ዝምታ ደግሞ ለወሬ አይመችም፤ ስለዚህ ጉሬዛ አስገባሁበት።